በካምፐር የኦሪገንን የባሕር ዳርቻ ከተሞች ለማየት፦ ለአንድ ሳምንት ሦስት ማደሪያ ይበቃል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲያትል ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት እናቴ በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ካምፐር ቫን (አልጋና ማብሰያ ያለው፣ ውስጡ የሚታደርበት መኪና) ተከራይተን፣ በየትንንሹ የባሕር ዳርቻ ከተማ እያደርን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ወርደን ለመመለስ አስበናል። ያለን ጊዜ ሰባት ቀን ነው። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፍልሰታንም ይጾማሉ። እንዲህ ዓይነት መኪና ነድተን አናውቅም። ምን ይመክሩናል?

ምላሽ፦

ሳን ፍራንሲስኮን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ከሲያትል ተነሥቶ በባሕሩ ዳር መንገድ እዚያ ደርሶ፣ በመሐል አገር አውራ ጎዳና መመለስ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሰባት ቀን ሲያካፍሉት በቀን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሲሰሙት የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን 101 ቁጥር የሚባለው የዳርቻው መንገድ ገደል ለገደል የሚጠማዘዝ፣ በየከተማው እምብርት የሚያልፍ፣ በአብዛኛውም በአንድ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ያለው ነው። በከባድ መኪና በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጥሩ ሄደዋል። ለቤተሰቦች የካምፐር ጉዞ ማቀድ ሥራዬ ነው፤ ደስ ሳይላቸው የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ ርቀት ያበዙ ናቸው። አባት ቀኑን ሙሉ መሪ እንደያዘ ይመሻል፣ ልጆች ባሕሩን በመስኮት ያዩታል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ደግሞ እግራቸው እንደታጠፈ ይውላሉ።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከሲያትል ወደ አስቶሪያ ይሂዱ፤ ከዚያ በኦሪገን ሰሜናዊ ዳርቻ እስከ ኒውፖርት ቀስ ብለው ይውረዱ፤ በመጨረሻው ቀን በ20 ቁጥር መንገድ ወደ ውስጥ ተሻግረው በአይ 5 አውራ ጎዳና ወደ ቤት ይመለሱ። ጠቅላላው ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹ ያህል የመመለሻው ቀን ድርሻ ነው። ማደሪያዎ ሦስት ብቻ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሌሊት ይደሩ። በአንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር ማለት አንዱን ቀን ሙሉ መኪናውን ሳያስነሡ መዋል ማለት ነው። ዕረፍት የሚገኘው በዚያ ቀን ነው።

አቅጣጫውን አይገልብጡት፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ባሕሩ በቀኝዎ ነው፤ ለመመልከቻ የተሠሩትን ማቆሚያዎች የሚመጣውን መኪና ሳይሻገሩ በቀላሉ ይገቡባቸዋል። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስም ከጀርባዎ ይሆናል። ሰፊና ረጅም ግድግዳ ያለውን መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አሁን ስለ መኪናው። ካምፐር ቫን የሚባለው ከዕቃ መጫኛ ቫን የተሠራው ነው፤ አብዛኛው ለሁለት፣ ቢበዛ ለአራት ሰው የታሰበ ነው። አምስት ሆናችሁ አይበቃችሁም። አከራዮች “ክላስ ሲ” የሚሉትን፣ ከሾፌሩ በላይ የአልጋ ቦታ ያለውን ሰፋ ያለ መኪና ይጠይቁ። የአልጋውን ቁጥር ብቻ አይቍጠሩ፤ የመቀመጫ ቀበቶውንም ይቍጠሩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ማንም ሰው አልጋ ላይ መተኛት ወይም ሻይ ለማፍላት መነሣት የለበትም። የልጆቹ ከፍ ማድረጊያ ወንበር ወደ ፊት በሚያይ መቀመጫ ላይ መታሰር አለበት፤ ወደ ጎን የሚያየው ሶፋ አይሆንም። የ9 ዓመቱም ልጅ ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ ያው ወንበር ያስፈልገዋል።

ከሾፌሩ በላይ ያለው አልጋ በመሰላል የሚወጣ ስለሆነ ለእናትዎ ፈጽሞ አይሆንም፤ ለልጆቹ ይተዉት። ለእናትዎ ግን ከመኪናው የተሻለ ነገር አለ። የኦሪገን ግዛት ፓርኮች በካምፖቻቸው ውስጥ “የርት” የሚባሉ ክብ ቤቶች ያከራያሉ። በቅርጹ የእኛን ጎጆ ይመስላል፤ አልጋ፣ መብራት፣ ማሞቂያና የሚቆለፍ በር አለው። ከመኪናችሁ አጠገብ አንድ የርት ቢይዙ፣ እናትዎ ከአንደኛው ልጅ ጋር ቀጥ ባለ አልጋ ላይ ያድራሉ፣ የእናንተም መኪና ይሰፋል። ውስጡ ምግብ ማብሰል ግን ክልክል ነው። እኔ ብሆን ለአንዲት ትልቅ እናት ምቾት ከሌላው ነገር ሁሉ ቀንሼ ለዚህ እከፍላለሁ።

ቦታ ማስያዝን በሚመለከት ደግሞ ነገ አይበሉ። የግዛቱ ፓርኮች ካምፕ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይያዛል፤ ለኦገስት የሚሆነው የባሕር ዳር ቦታ ወዲያው ያልቃል። አልቆ ካገኙት ተስፋ አይቍረጡ፤ የሚሰርዝ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ጠዋትና ማታ የማስያዣውን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉት ሌሊቶች ከዓርብና ቅዳሜ ይልቅ ይገኛሉ። ካልሆነም በአውራጃ አስተዳደሮችና በወደብ መሥሪያ ቤቶች የሚተዳደሩ ካምፖች አሉ፤ ውበታቸው ቢያንስም ንጹሕና ለከተማው ቅርብ ናቸው። ከኦሪገን ውጪ ለሚመጣ ካምፐር በግዛቱ ፓርክ ዋጋ ላይ 25 በመቶ ይጨመራል፤ በጀትዎ ውስጥ ያስገቡት። ሲያስይዙ የመኪናዎን ርዝመት ከቦታው ርዝመት ጋር ያስተያዩ፤ በቅርብ ዓመታት እድሳት የተደረገላቸው ካምፖች ስላሉም፣ የመዝጊያ ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ። በየባሕሩ ዳር ማቆሚያ መኪና ውስጥ ማደር በአብዛኛው ክልክል ነው። እናትና ልጅ ይዞ በእኩለ ሌሊት መስኮት ተንኳኩቶ “ተነሡ” ከመባል ይሰውራችሁ።

ስለ ከተሞቹ ልንገርዎ፤ ሦስቱም ማደሪያዎች የግዛቱ ፓርኮች ካምፖች ናቸው።

የመጀመሪያው ማደሪያ ፎርት ስቲቨንስ ነው፤ ከአስቶሪያ ማዶ፣ የኮሎምቢያ ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት አፍ ላይ። ከዋሽንግተን ግዛት በኩል በዳርቻው መንገድ ከመጡ በ1966 እ.ኤ.አ. በተከፈተውና 6.5 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ድልድይ ወንዙን ይሻገራሉ፤ ነፋስ ካለ ቀስ ብለው ይንዱ። አስቶሪያ በ1811 የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች የቆረቆሯት፣ በኋላም በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ የኖረች ከተማ ናት። ቤቶቿ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ተደርድረዋል፤ ዳገቱን ይተዉትና በወንዙ ዳር ያለውን ለጥ ያለ መንገድ ይያዙ። ለእናትዎ እግር የሚስማማው እሱ ነው፤ ትልልቅ መርከቦች ከዓይን ሥር ሲያልፉ ተቀምጠው ያያሉ። የባሕር ጉዞ ሙዚየሙም እዚያው ነው። በካምፑ ለልጆቹ ብስክሌት ካለዎት ይጫኑ፤ የተነጠፉ የብስክሌት መንገዶች አሉት። ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ወርደው ደግሞ በ1906 አሸዋው ላይ የቀረውን የፒተር አይርዴል መርከብ የዛገ አጥንት ያገኛሉ። ይህ ቦታ በ1942 የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተኮሰበት የጦር ምሽግ ነበር፤ የ9 ዓመቱ ልጅ ይህን ታሪክ ሲሰማ ጥያቄው አያልቅም።

ሁለተኛው ማደሪያ ነሃሌም ቤይ ነው፤ ከማንዛኒታ ከተማ አጠገብ። ወደዚያ ሲወርዱ ካነን ቢች ላይ ይቆማሉ፤ ማለዳ ይድረሱ፤ ረፈድ ካለ ለትልቅ መኪና ማቆሚያ አይገኝም። 72 ሜትር የሚቆመው ሄይስታክ የተባለው ዐለት እዚህ ነው። ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ቀድመው ይመልከቱ፤ ውኃው ሲሸሽ እስከ ዐለቱ እግር በእግር ይኬዳል፤ በየጉድጓዱ ውስጥ ኮከብ ዓሣና እንደ አበባ የሚከፈት የባሕር እንስሳ ይታያል። ዐለቱን መውጣት፣ እንስሳቱን መንቀል ክልክል ነው። እናትዎ አሸዋው ላይ መራመድ ከከበዳቸው በካነን ቢችም በማንዛኒታም ሰፋፊ ጎማ ያላቸው የአሸዋ ተሽከርካሪ ወንበሮች ለጎብኚ ይሰጣሉ፤ ቀድመው ደውለው ያስይዙ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ባለማወቅ ትልልቅ ሰዎችን መኪና ውስጥ ትቶ ይወርዳል፤ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከተሞቹን ያለዚህ ማወቅ አይቻልም። በኦሪገን የባሕሩ አሸዋ የሕዝብ ነው። በ1913 የግዛቱ ገዢ ኦስዋልድ ዌስት ዳርቻውን የሕዝብ መንገድ ብለው በሕግ አስጠበቁት። በ1966 አንድ የማደሪያ ባለቤት እዚሁ ካነን ቢች ላይ ደረቁን አሸዋ ለእንግዶቹ ብቻ ሲያጥር ሕዝቡ ተቈጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ገዢው ቶም መኮል የፈረሙት ሕግ እስከ ሣሩ መስመር ድረስ ያለውን አሸዋ ሁሉ ለሕዝብ አጸና። ስለዚህ ትልቅ ሆቴል ፊት ለፊት ምንጣፍ ዘርግተው ቢቀመጡ የሚያስነሣዎት የለም። በልበ ሙሉነት ይቀመጡ።

ከካነን ቢች ወደ ማንዛኒታ በሚወስደው መንገድ ላይ ዋሻ አለ፤ መግቢያው ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ውስጥ ብስክሌት ነጂ አለ ማለት ነው፤ ፍጥነት ይቀንሱ። ማንዛኒታ ጸጥ ያለች ናት። መኪናውን ካምፑ ውስጥ ትተው በእግርና በብስክሌት ይዋሉባት። ያልተነካ ቀንዎ ይህ ይሁን።

ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ሮካዌይ፣ ጋሪባልዲና ቲላሙክ ይመጣሉ። ቲላሙክ በአይብ የታወቀች ናት፤ የገበሬዎቹ ማኅበር ከ1909 ጀምሮ ያለ ሲሆን አይቡ ሲሠራ በመስታወት በኩል በነጻ ይታያል። የሚጾም ሰው ባለበት መኪና ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሊንከን ሲቲን ነዳጅና ዕቃ ለመሙላት ይጠቀሙባት እንጂ ጊዜ አያጥፉባት። ጊዜዎን ለዴፖ ቤይ ያቆዩ። ወደቧ በጣም ትንሽ ናት፤ ጀልባዎች ከድልድዩ ሥር በዐለት መሐል ተሹለክልከው ይገባሉ። በበጋ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ለመብል እስከ ዳርቻው ይጠጋሉ፤ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ፣ ወይም እዚያው ካለው የፓርኩ መመልከቻ ቤት ሆነው ጀልባ ሳይሳፈሩ፣ ደረጃ ሳይወርዱ ሲተነፍሱ ያዩአቸዋል። እናትዎ ሲያወሩት የሚኖሩት ይህን ይመስለኛል። አጉሊ መነጽር ይያዙ፤ አንድ ሰዓት ሳይታክቱ ይጠብቁ።

ሦስተኛው ማደሪያ ሳውዝ ቢች ነው፤ ከኒውፖርት ድልድይ አለፍ እንዳሉ። ድልድዩ በ1936 የተሠራ፣ የድልድይ መሐንዲሱ የኮንዴ መኩላህ ሥራ ነው፤ መስመሩ ጠባብ ስለሆነ ሲነዱ ወደ ጎን እያዩ ውበቱን አያድንቁ፤ ማዶ ወርደው ይዩት። በወደቡ መንገድ የባሕር አንበሶች መድረክ ላይ ተደራርበው ሲጮኹ ይውላሉ፤ ይህን ለማየት ክፍያ የለም። ከከተማው በስተሰሜን ያኪና ሄድ ላይ በ1873 የበራው፣ 28 ሜትር የሚቆመው የመርከብ መብራት ማማ አለ። መውጣቱ ለልጆቹ፣ ከታች ሆኖ ወፎቹን ማየቱ ለእናትዎ ይሁን።

ፍልሰታ ኦገስት 7 ስለሚገባ ጉዞአችሁ በጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በእነዚህ ከተሞች ምግብ ቤት የሚያገኙት በአብዛኛው ዓሣ፣ ሸርጣን፣ በወተት የተሠራ የባሕር እንስሳ ሾርባ ነው፤ ለሚጾሙ እናት የሚሆን ነገር ከጥብስ ድንችና ከሰላጣ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬና ዘይት ከቤት ይያዙ። እንጀራውን ለአንድ ቀን የሚበቃውን እያጠፉ በየፌስታሉ አሽጉትና በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስገቡት፤ የመኪናው በረዶ ቤት ትንሽ ስለሆነ ከሦስት ቀን በላይ የሚሆን አይይዝም፤ ቀሪውን በበረዶ ሳጥን ይያዙት። ወጡን በተቻለ መጠን ውጭ፣ የካምፑ ጠረጴዛ ላይ ይሥሩ፤ የቁሌቱ ሽታ የመኪናው ጨርቅ ውስጥ ከገባ አከራዩ የማጽጃ ሊያስከፍላችሁ ይችላል።

ቡናን በሚመለከት ግን ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ከሰል መኪናው ውስጥም የርቱ ውስጥም በፍጹም አይገባም። ሊጠፋ የተቃረበ ፍምም ቢሆን፣ መስኮት ቢከፈትም አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭሱም አይታይም፤ በጠባብ ቤት ውስጥ የተኙትን ሰዎች ሳይነቁ ይገድላል። ምድጃውን ከበሩም ከመስኮቱም አርቀው ውጭ ያድርጉት፤ በኦገስት የእሳት ክልከላ ከወጣ ደግሞ በጋዝ ምድጃ ያፍሉ። ዕጣኑም ውጭ ይሁን፤ የጭስ መጠቆሚያው ሲጮኽ ባትሪውን ነቅለው የሚተኙ ሰዎች አሉ፤ ይህን አያድርጉ። ጀበናውንና ስኒውን ከመነሣትዎ በፊት በጨርቅ ጠቅልለው ከታችኛው መሳቢያ ያስቀምጡ።

ባሕሩ ለመዋኘት አይደለም። በበጋ የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውኃ ከዳርቻው አርቆ ሲገፋ ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል፤ ስለዚህ በኦገስትም ውኃው 12 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩም ብዙ ቀን ከ20 ዲግሪ አይበልጥም፣ ጠዋት ጉም አለ። ጋቢ ይያዙ። ልጆቹ እግራቸውን ይንከሩ፤ እናንተ ግን ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ፤ ለረጅም ጊዜ ረጋ ብሎ የቆየ ባሕር ድንገት እጅግ ረጅም ማዕበል ወደ ላይ ይልካል። ውኃ አጠገብ ያሉ ትልልቅ ግንዶች ላይ ልጅ አይውጣ፤ ጥቂት ውኃ ያንሳፍፋቸዋል፣ ተንከባልለው ይጫናሉ።

ሌላው ሱናሚ ነው። ይህ ዳርቻ በ1700 ጃንዋሪ 26 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ የደረሰበት ነው፤ ምክንያቱ የሆነው ስንጥቅ ዛሬም ከባሕሩ ሥር አለ። በየከተማው የምታዩት ሰማያዊ ምልክት ማምለጫውን ያሳያል። በየካምፑ በገባችሁበት ምሽት ከፍታው የት እንደሆነ ጠባቂውን ይጠይቁና መንገዱን ከእናትዎ ጋር ሄደው ይሞክሩት። መሬት ለረጅም ጊዜ በኃይል ከተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያው ራሱ እሱ ነው፤ ሲረን አይጠብቁ፣ መኪና ለማስነሣትም አይሞክሩ፤ በእግር ወደ ከፍታው ይሂዱ።

መንዳቱን በአንድ ባዶ ሰፊ ማቆሚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ይለማመዱ። የኋላው አካል ከጎማው ብዙ ስለሚወጣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ጭራው ወደ ግራ ይወረወራል፤ ነዳጅ ማደያ ላይ ምሰሶ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው። የመኪናውን ከፍታ በወረቀት ጽፈው መሪው ፊት ይለጥፉ፤ ጣራው ላይ የሚደርስ ጉዳት ብዙ ጊዜ በኪራዩ ኢንሹራንስ አይሸፈንም። በኪራይ ውሉ ላይ በቀን የተፈቀደውን ርቀትና የጄኔሬተሩን የሰዓት ክፍያ ሳያነቡ አይፈርሙ። ኋላዎ መኪና ከተደረደረ በመጀመሪያው ማቆሚያ ወጣ ብለው ያሳልፉ።

ቆሻሻ ውኃ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። በግዛቱ ፓርኮች ካምፖች ንጹሕ መጸዳጃና ሙቅ መታጠቢያ ስላለ ቀን ቀን እዚያ ይጠቀሙ፤ የመኪናውን መጸዳጃ ለሌሊት ያቆዩት። ታንከሮቹ ሁለት ናቸው፤ የመጸዳጃውና የእጅና የዕቃ ማጠቢያው። የመጸዳጃውን ታንከር መክፈቻ፣ የማፍሰሻው ቱቦ ተሰክቶም ቢሆን፣ ዘግተው ያቆዩት፤ ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ብቻ ይወጣና ጠጣሩ ሥር ላይ ይደርቃል። ሲያፈሱ ጓንት ያጥልቁ፤ አስቀድመው የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የማጠቢያውን ይልቀቁ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል።

በመጨረሻው ቀን ማለዳ ሳውዝ ቢች ላይ ሁለቱንም ታንከር አፍሰው ይነሡ፤ አከራዩ ዘንድ ሞልቶ ከደረሰ ክፍያው ከባድ ነው። ከኒውፖርት ሲያትል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዕረፍት ሰባት ሰዓት ይመድቡ። ፖርትላንድን ከቀኑ ሰባት ሰዓት በፊት ይለፏት፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል። እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ ለምሳ የጾም በያይነቱ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ለመኪናዎ የሚሆን ማቆሚያ መኖሩን ደውለው ጠይቀው ይግቡ። መኪናውን የሚያስረክቡትም በማግሥቱ ጠዋት እንዲሆን ከአሁኑ ይስማሙ፤ በዚያው ምሽት ለማስረከብ ከተጣደፉ አደጋ የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው።